የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ማን፣ መቼ፣ ከየት ይግባ? አማራጮቹን እናነጻጽር

ብዙ ቢሮ ውስጥ ያለው ሁኔታ ይሄ ነው። "አድሚን" የሚባል አንድ አካውንት አለ። ፓስወርዱ ኪቦርዱ ሥር በቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል። ካሸሯም፣ ሂሳብ ሠራተኛውም፣ ስቶር ኪፐሩም በሱ ይገባሉ። አንድ ቀን የተመዘገበ ደረሰኝ ጠፍቶ ሲገኝ "ማን ነው ያጠፋው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አይገኝም፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አድሚን የሚባለውን ብቻ ነው። ያኔ ሁሉም ተጠርጣሪ ይሆናል፣ ምንም የማያውቀው ሰው ጭምር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የመግቢያ ገደብ ሲባል ብዙ ሠራተኛ "አላመኑንም ማለት ነው" ብሎ ይከፋዋል፣ ግን ገደቡ ከማንም በላይ የሚጠቅመው በታማኝነት የሚሠራውን ሰው ነው።

ስለዚህ አማራጮቹን ከማየታችን በፊት አንድ ነገር ይለቅ፦ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ አካውንት። ይሄ ካልተደረገ ከታች የምጽፈው ሁሉ ዋጋ የለውም።

የምጽፈው ከ5 እስከ 50 ኮምፒውተር ላላቸው፣ ዊንዶውስ ለሚጠቀሙ፣ ሂሳባቸውን በፒችትሪ ወይም በሌላ ፕሮግራም ለሚሠሩ ድርጅቶች ነው። አስመጪ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የሂሳብ አገልግሎት የሚሰጥ ቢሮ። አማራጮቹን የምመዝነው በአራት ጥያቄ ነው። ማን ይገባል? በየትኛው ማሽን ላይ? ስንት ሰዓት ላይ? ከየት ሆኖ? አራቱንም በአንዴ የሚመልስ መሣሪያ አላየሁም። ሻጭ መጥቶ "የኛ ሲስተም ሁሉንም ይሠራል" ካላችሁ እነዚህን አራት ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠይቁት።

በሂሳብ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ፓስወርድ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያቆመውም እዚሁ ነው። ፒችትሪ፣ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፣ እኛ ጋ ግን ያው ፒችትሪ ነው፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለያየ ፈቃድ መስጠት ያስችላል። አንዷ ሽያጭ ብቻ ትመዘግባለች፣ ሌላው ደመወዝ አያይም። ሥራን ለመከፋፈል ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ክፍያ የሚያዘጋጀውና የሚያጸድቀው አንድ ሰው እንዳይሆን የምታደርጉት እዚህ ነው።

ግን ልብ በሉ። ይሄ ፓስወርድ የሚጠብቀው ፕሮግራሙን ነው እንጂ ዳታው የተቀመጠበትን ፎልደር አይደለም። ፒችትሪ በኔትወርክ ሲሠራ የድርጅቱ ዳታ ያለበት ፎልደር ሼር ይደረጋል፣ ተጠቃሚዎቹም ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፣ አለዚያ ፕሮግራሙ አይሠራላቸውም። ስለዚህ ፒችትሪ ውስጥ ደመወዝ እንዳያይ የተከለከለ ሰው፣ ፎልደሩ ከተከፈተለት ሙሉውን በፍላሽ ገልብጦ መውሰድ ይችላል። ሊያጠፋውም ይችላል።

ዛሬውኑ ሄዳችሁ የዚያን ፎልደር ፈቃድ ተመልከቱ። "ኤቭሪዋን" በሚለው ስም ላይ "ፉል ኮንትሮል" ተሰጥቶ ካገኛችሁ የቢሮው ሰው ሁሉ ሊነካው ይችላል ማለት ነው። ያለ ፓስወርድ ሼር ማድረግ ከተፈቀደማ የቢሮውን ዋይፋይ የሚጠቀም እንግዳም ሊደርስበት ይችላል። ፈቃዱን በፕሮግራሙ ለሚሠሩት ሰዎች ብቻ አድርጉት። ይሄ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

በየማሽኑ ላይ የሚከፈት አካውንት

ሁለተኛው አማራጭ ዊንዶውስ ራሱ ላይ ለየሰዉ ሎካል አካውንት መክፈት ነው። ሰርቨር አይፈልግም፣ ፈቃድ አይገዛበትም። አካውንቱ "ስታንዳርድ" ይሁን እንጂ "አድሚኒስትሬተር" አይሁን። ይህቺ አንዲት ምርጫ ሠራተኛው የማሽኑን ዋና ሴቲንግ እንዳይነካና የሌላውን ሰው የግል ፎልደር እንዳይከፍት ታደርጋለች።

"በየትኛው ማሽን?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው። የካሸሯ አካውንት የፋይናንስ ኃላፊው ማሽን ላይ ካልተከፈተ አትገባም፣ አለቀ። ለሰዓቱም መላ አለው፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። በሜኑ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ "ኔት ዩዘር" በሚለው ትዕዛዝ ላይ የተጠቃሚውን ስም፣ "ታይምስ" የሚለውን ቃል፣ ከዚያ ቀንና ሰዓቱን ስትጨምሩ አካውንቱ ከዚያ ሰዓት ውጭ አይከፈትም።

ድካሙ የሚመጣው ቁጥሩ ሲበዛ ነው። አንድ ሰው ሲለቅ አካውንቱ የተከፈተበት ማሽን ሁሉ ላይ እየዞሩ መዝጋት ነው። ሁልጊዜም አንድ የሚረሳ ማሽን አይጠፋም። በዚያ ላይ ቴክኒሻኑ ሲጭን የሁሉንም ማሽን የአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ አንድ ዓይነት አድርጎት ይሄዳል፣ ስለዚህ አንዱን ያወቀ ሁሉንም አወቀ። የተለያየ አድርጉት፣ ጻፉት፣ ቆልፉበት።

እስከ 10 ማሽን ድረስ፣ ሰዉም ከማሽን ማሽን የማይዘዋወር ከሆነ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልሄድም ነበር። አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ብቻ ይኑራችሁ፤ ማን የትኛው ማሽን ላይ አካውንት አለው።

ዶሜይን

ማሽኑ ሲበዛ፣ ሠራተኛው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ መቀመጥ ሲጀምር ዶሜይን ያስፈልጋል፣ የሁሉም ማሽን አካውንት ከአንድ ሰርቨር የሚተዳደርበት አሠራር ማለት ነው። አካውንቱ ሰርቨር ላይ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ወጪውን ግን አስቀድማችሁ እወቁት። ሆም የሚባለው ዊንዶውስ ዶሜይን ውስጥ አይገባም፣ ፕሮ መሆን አለበት። ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው እንደተጫነበት ጠይቁ። ዊንዶውስ ሰርቨር ደግሞ ከራሱ ፈቃድ ሌላ በተጠቃሚ ወይም በማሽን ቁጥር ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ነጻ አማራጭ አለ፦ ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ሳምባ እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ይሄንኑ ሥራ መሥራት ይችላል። ጎበዝ የሊኑክስ ሰው በቋሚነት ካላችሁ ደስ ይላል፤ አንድ ልጅ ተክሎት የሚሄድ ከሆነ ግን እሱ የሄደ ቀን የሚነካው አይኖርም።

ዶሜይን ላይ ሰውን የሚያሳስተው ነገር ይሄ ነው። ዶሜይን ስላቋቋማችሁ ብቻ ምንም አልተገደበም። እንዲያውም ሳይነካ ከተተወ ማንኛውም የዶሜይን ተጠቃሚ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ በራሱ ስም መግባት ይችላል። ካሸሯ የፋይናንስ ኃላፊውን ማሽን በራሷ ፓስወርድ ትከፍታለች። በዚህ በኩል ከሎካል አካውንት ይልቅ የላላ ነው፣ እስክትዘጉት ድረስ።

የሚዘጋው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከሰውየው በኩል ነው። አካውንቱ ላይ "ሎግ ኦን ቱ" የሚል ቦታ አለ፣ እዚያ የተፈቀዱለትን ማሽኖች ስም ትዘረዝራላችሁ። ለጥቂት ሰው፣ ለምሳሌ ለካሸርና ለተለማማጅ፣ ጥሩ ነው። ችግሩ ማሽን ሲቀየር ስሙም ይቀየራል፣ ያኔ ሰኞ ጠዋት ደንበኛ ተሰልፎ ካሸሯ መግባት ያቅታታል።

ሁለተኛው ከማሽኑ በኩል ነው። የፋይናንስ ማሽኖችን ለብቻ ትመድቡና በግሩፕ ፖሊሲ፣ ከሰርቨሩ ለማሽኖቹ ትዕዛዝ በሚሰጥበት ቦታ፣ "አላው ሎግ ኦን ሎካሊ" በሚለው ላይ የፋይናንስ ግሩፕንና አድሚኒስትሬተሮችን ብቻ ታስገባላችሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ግሩፑ ውስጥ መጨመር፣ ሲዛወር ማውጣት፣ በቃ። እኔ የምመርጠው ይሄኛውን ነው፤ ገደቡ የሚከተለው የሥራ ክፍሉን እንጂ የሰውየውን ስም ስላልሆነ አይረሳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። እዚያው አጠገቡ "ዲናይ ሎግ ኦን ሎካሊ" የሚል አለ። ክልከላ ፈቃድን ያሸንፋል። እዚያ ላይ "ዶሜይን ዩዘርስ" የሚለውን ግሩፕ ያስገባ ሰው ራሱን አድሚኑንም ይዘጋል፣ አድሚኑም የዚያው ግሩፕ አባል ነውና። መጀመሪያ አንድ ማሽን ላይ ሞክሩት፣ አንድ ቀን አሳድሩት፣ ከዚያ ለሌሎቹ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ዶሜይን ላይ "ሎግኦን አወርስ" የሚባል የሳምንቱ 7 ቀን በ24 ሰዓት የተከፋፈለበት ሰንጠረዥ አለ፣ የተፈቀደውን ትቀባላችሁ፣ የተከለከለውን ባዶ ትተዋላችሁ። እዚህ ጋ የኛን አገር ሰዓት አትርሱ። ሥራ አስኪያጁ "ከ2 እስከ 12 ሰዓት ይግቡ" ሲል ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ማለቱ ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ይሄ 8 ኤኤም እስከ 6 ፒኤም ነው። ቴክኒሻኑ የተባለውን ቁጥር እንዳለ ከሞላው የሚፈቀደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ይሆናል፣ ከምሳ በኋላ የሚገባ ሰው አይኖርም። ትዕዛዙን በወረቀት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጡት። የሰርቨሩ የሰዓት ቀጠናም ናይሮቢ በሚለው ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ሌላም አለ። የሰዓት ገደብ አዲስ የሚገባውን ይከለክላል እንጂ ቀድሞ የገባውን አያስወጣም። "ፎርስ ሎግኦፍ" የሚል ፖሊሲ አለ፣ ግን እሱ የሚቆርጠው ከሰርቨሩ ፎልደር ጋር ያለውን ግንኙነት ነው፤ ሰውየው ዴስክቶፑ ላይ እንደተቀመጠ ይቆያል። ማታ ማሽኑ ባዶ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ታስክ ስኬጁለር በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ በተወሰነ ሰዓት እንዲጠፋ አድርጉት።

የሰዓት ገደብ ከሚገባው በላይ ይወራለታል ባይ ነኝ። ለካሸርና ለሽያጭ ቦታ ልክ ነው፣ ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ምን ሥራ አላቸው? ሂሳብ ክፍል ላይ ግን ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ ግብር ሲደርስ ሠራተኛው ያመሻል። ያኔ ገደቡ "ለጊዜው" ይነሳል፣ ከዚያ ማንም አይመልሰውም። የማሽን ገደብ ግን ለዓመታት ሳይነካ ይኖራል፣ ማንንም ስለማያስቸግር። ጊዜያችሁን እሱ ላይ አውሉት።

መብራትስ? ዊንዶውስ በነባሪው የመጨረሻዎቹን 10 መግቢያዎች ማሽኑ ላይ ያስታውሳል። ሰርቨሩ ሲጠፋ፣ ዩፒኤሱ ሲያልቅ፣ ከዚህ በፊት ገብቶ የሚያውቅ ሰው አሁንም ይገባል። ለሥራ ጥሩ ነው። ግን ይሄው ነገር የተባረረ ሠራተኛም ላይ ይሠራል፤ አካውንቱን ሰርቨር ላይ ብትዘጉትም ላፕቶፑ እጁ ላይ ካለና ከቢሮ ኔትወርክ ከተነጠለ በድሮው ፓስወርዱ ይከፍተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላፕቶፑን ተረከቡ። ቁጥሩን ዜሮ ማድረግ ይቻላል፣ ያኔ ግን ሰርቨሩ በጠፋ ቁጥር ማንም አይገባም፤ ካዝና ክፍል ለተቀመጠ አንድ ማሽን ካልሆነ አልመክረውም።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ክብ ባትሪ ያለቀባቸው አሮጌ ዴስክቶፖች መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይሄዳል። ዶሜይን በነባሪው የሚታገሰው የ5 ደቂቃ ልዩነት ስለሆነ "ፓስወርዴ ልክ ነው፣ አልገባ አለኝ" የሚል ሰው ሲመጣ የማሽኑን ሰዓት ማየት አይከፋም። ባትሪዋ ርካሽ ናት።

እና አንድ የሌለው ነገር፦ አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ዶሜይኑን የሚያሠራው የዊንዶውስ ሰርቨር ክፍል፣ አንድ አካውንት በአንድ ጊዜ ሁለት ማሽን ላይ እንዳይገባ የሚከለክልበት የራሱ መንገድ የለውም። ፓስወርድ የሚዋዋሱ ሠራተኞችን የምትይዙት በማሽን ገደቡ ነው።

ክላውድ

"ከየት ሆኖ?" ለሚለው ጥያቄ ጠንካራው መልስ እዚህ ነው። ኢሜይሉና ፋይሉ ቢሮ ባለ ሰርቨር ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ፣ ማይክሮሶፍት 365 በሚባለው አገልግሎት ላይ ከሆነ መግቢያውን የሚቆጣጠረው ኤንትራ አይዲ የሚባለው ነው። "ኮንዲሽናል አክሰስ" በሚለው አገልግሎት ከዚህ አገር ውጭ አይገባ፣ ከቢሮው አይፒ (ቢሮው ኢንተርኔት ላይ ከሚታወቅበት ቁጥር) ውጭ ሲሆን ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጠየቅ፣ ያልተመዘገበ ማሽን አይከፈትለት ማለት ይቻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እወቁ። ኮንዲሽናል አክሰስ ርካሾቹ ፓኬጆች ውስጥ የለም፣ ቢዝነስ ፕሪሚየም የሚባለው ውስጥ ነው ያለው። የሰዓት ገደብ የለውም፤ "ከ2 እስከ 12 ሰዓት" የሚል ሰው እዚህ መልስ አያገኝም። በቢሮው አይፒ ለመገደብ ደግሞ ቋሚ አይፒ ያስፈልጋል፣ የሚቀያየር ከሆነ አንድ ቀን ጠዋት መላው ቢሮ እንደ እንግዳ ይቆጠራል።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑንም ቀድማችሁ አስቡበት፣ ካርዱን የያዘው ማን እንደሆነና ቢታመም ማን እንደሚከፍል ጭምር። ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ የአዲስ አበባውን ቢሮ የሚከታተል ከሆነ ግን ክላውዱ ከሌሎቹ ሁሉ ይሻላል፣ ክፍያውም ከዚያው ይቀላል። በአገር ስትገድቡ ዕቃ ሊገዛ የሚወጣውን ሰው አስታውሱ፤ ከመሄዱ በፊት ፈቃድ፣ ሲመለስ መዝጋት።

ለኮንዲሽናል አክሰስ የማይከፍል ድርጅት "ሴኩሪቲ ዲፎልትስ" የሚለውን ያብራ። ነጻ ነው፣ ሁሉም ሰው ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲመዘግብ ያስገድዳል። ማረጋገጫው በስልክ አፕ ቢሆን ይሻላል። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረውን ቁጥር አፑ የሚያወጣው ያለ ኢንተርኔትም ነው፣ የስልኩ ሰዓት ትክክል ከሆነ። ኤስኤምኤስ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ሲም ካርዱም በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

ከጎን የሚገባበት

ከላይ ያለውን ሁሉ አሟልታችሁ ኤኒዴስክን፣ ማሽንን ከሩቅ ሆኖ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ እንዳለ ከተዋችሁት ሥራው ግማሽ ነው። ቴክኒሻኑ ከቤቱ ሆኖ እንዲያግዝ ተብሎ ቋሚ ፓስወርድ ተደርጎበት ይቀመጣል፣ ሰው ማሽኑን ሳይቆልፍ ከሄደ ያንን ፓስወርድ የያዘ ሁሉ ከየትም ሆኖ ይገባል። የማሽን ገደቡም የሰዓት ገደቡም አያግደውም፣ የተከፈተ ዴስክቶፕ ላይ ነው የሚገባው። ቋሚ ፓስወርዱን አጥፉት፣ ሰው ቁጭ ብሎ "እሺ" ሲል ብቻ ይግባ። ማሽኖቹም ለ10 ደቂቃ ካልተነኩ ራሳቸውን ይቆልፉ።

ሪሞት ዴስክቶፕን፣ የዊንዶውስን የራሱን ከሩቅ መግቢያ፣ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ መክፈት፣ ራውተሩ ላይ 3389 የሚለውን ቁጥር ከፍቶ ማለት ነው፣ በፍጹም አይደረግ። ሌት ተቀን ፓስወርድ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። ከውጭ መግባት ግድ ከሆነ መጀመሪያ በቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ በተቆለፈ መንገድ በሚያስገባው)፣ ከዚያ ሪሞት ዴስክቶፕ።

ለተሳሳተ ፓስወርድም ገደብ አድርጉ፣ ግን 3 ጊዜ አታድርጉት። በ3 ስህተት የሚቆለፍ ከሆነ ቂም የያዘ ባልደረባ የኃላፊውን ስም እየጻፈ ቀኑን ሙሉ ሊዘጋበት ይችላል። 22ኤች2 ከሚባለው ዕትም ወዲህ ያለው ዊንዶውስ 11 አዲስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው 10 ሙከራና የ10 ደቂቃ መቆለፍ ነው። ለቢሮ በቂ ነው።

ታዲያ የትኛው ለማን?

5 ወይም 6 ማሽን ያለው ክሊኒክ ወይም ሱቅ፦ ሎካል አካውንት፣ የፎልደር ፈቃድ፣ ራስ-ሰር መቆለፍ። ሰርቨር ግዙ የሚላችሁን አትስሙ። 15 እና ከዚያ በላይ ማሽን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ካለ፣ ሰዉም የሚዘዋወር ከሆነ፦ ዶሜይን ከማሽን ገደብ ጋር፣ ለካሸሮች ብቻ የሰዓት ገደብ። ቅርንጫፍ ያለው ወይም ከቤት የሚሠራ ሰው ያለው ድርጅት፦ ክላውድ ከሁለተኛ ማረጋገጫ ጋር። መካከል ላይ ያላችሁ ደግሞ የምትፈሩትን ነገር ለይታችሁ ተነሱ። የምትፈሩት የውስጥ ሰው ፋይል እንዳይነካ ከሆነ ፎልደርና ማሽን ላይ፣ የውጭ ሰው እንዳይገባ ከሆነ ሪሞትና ሁለተኛ ማረጋገጫ ላይ።

የትኛውንም ብትመርጡ የክሊራንስ ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "የኮምፒውተር አካውንቱ ተዘግቷል፣ ቀን፣ ፊርማ"። ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ አይቲ ግን ብዙ ቦታ አይፈርምም። አካውንቱን ዝጉት እንጂ አትሰርዙት፤ የሠራው ሥራ በማን ስም እንደሆነ በኋላ ለኦዲት ይፈለጋል። ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደ በላይ ሲስተም ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል፣ ግን ለማን ምን እንደተፈቀደ በጽሑፍ ከሌለ ክርክሩ ከባድ ነው። የታካሚ ወይም የደንበኛ መረጃ የምትይዙ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይመለከታችኋል።

የመጨረሻው የአድሚን ፓስወርድ ነው። አይቲው በውጭ ቴክኒሻን የሚሠራ ከሆነ እሱ ብቻ ይዞት እንዳይቀር። የሱ የራሱ በስሙ የተከፈተ አካውንት ይኑረው፣ ዋናው ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፣ ፖስታው ላይ ሁለት ሰው ይፈርምበት፣ በተከፈተ ቁጥርም ፓስወርዱ ተቀይሮ እንደገና ይታሸግ።